ማሳጠር ሌላ፥ መሸንገል ሌላ

ባለፈው ወር ከማኅበራችን አባሎች ጥቂቶቹ፥ በዕረፍት ቀን ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደው ለልጆች የሚያነቡትን፥ በከፊልም በመድረክ የሚያሳዩትን ታሪክ ለመምረጥ ተሰብስበው ነበር። የተመረጠውም የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ድርሰት ነው የሚባለው ኦዲሲ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ክርክር የተነሣው ታሪኩ የት ላይ ይቁም በሚለው ነው። ከፊሎቹ፦ «ኦዲሴውስ ባለ አንድ ዓይኑን ግዙፍ አሳውሮ በመርከቡ ሲያመልጥ መጋረጃው ይዘጋ፤ ልጆቹም አጨብጭበው፥ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ የቀረው የትልልቆች ጕዳይ ነው» አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ፦ «ይህማ ታሪኩን መንገር ሳይሆን ልጆቹን መሸንገል ነው» ብለው ተቃወሙ። ስብሰባውም አንዳች ሳይወስን ተበተነ።

እኛ ይህን የምንጽፈው ከሁለተኞቹ ወገን ሆነን ነው። ነገሩ አንድ አዳራሽና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመለከት ስለሚመስል፥ «ይህ ደግሞ ምን የሚያከራክር ነገር አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን የምንወስነው ስለ አንድ የመድረክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጆች ምን ያኽል እውነት ሊሸከሙ ይችላሉ ብለን እንደምናምን፥ እኛም ከእነርሱ ጋር ስንነጋገር ምን ያኽል እውነተኞች ለመሆን እንደምንፈቅድ ጭምር እንወስናለን።

በመጀመሪያ ድርሰቱ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ኦዲሲ በ24 መጻሕፍት የተከፈለ፥ ከ12,000 በላይ ስንኞች ያሉት ግጥም ነው። የትሮያ ጦርነት 10 ዓመት ፈጅቶ ካበቃ በኋላ፥ የኢታካው ንጉሥ ኦዲሴውስ አገሩ ለመግባት ሌላ 10 ዓመት እንደፈጀበት ይተርካል። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አስደናቂ ታሪኮች፥ ማለት ሰው በላው ፖሊፌሞስ፥ ሰውን ወደ ዐሣማ የምትለውጠው ኪርኬ፥ በዜማቸው መንገደኛ የሚያጠፉት ሲሬኖች፥ ባለ ስድስት ራሷ ስኪላ፥ እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ከ9ኛው እስከ 12ኛው ባሉት አራት መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከ24ቱ አራቱ፤ ስድስተኛው እጅ መሆኑ ነው። እንግዲህ «የልጆች ኦዲሲ» እያለ ጭራቅ በጭራቅ ላይ ብቻ እየደረደረ የሚያቀርብ ሰው፥ ከስድስት እንጀራ አንዱን አውጥቶ «መሶቡ ውስጥ ያለው ይኸው ነው» እንደሚል አሳላፊ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። የመጀመሪያዎቹ አራት መጻሕፍት የሚናገሩት ስለ ኦዲሴውስ ሳይሆን ስለ ልጁ ስለ ቴሌማኮስ ነው። አባቱ ወደ ጦርነት ሲሄድ ገና ሕፃን ነበር። አሁን አድጎ ጐልምሷል፤ አባቱን ግን በወሬ እንጂ በመልክ አያውቀውም። እናቱን ፔኔሎፔን እናገባለን የሚሉ 108 ሰዎች ግቢውን ሞልተው ከብቱን እያረዱ ይበላሉ፥ ወይኑን ይጠጣሉ። ልጁ የአገሩን ሰዎች ሸንጎ ጠርቶ አቤት ቢል የሚረዳው አጣ። በዚህ ጊዜ መርከብ ለምኖ የአባቱን ወሬ ለመጠየቅ ወደ ፒሎስና ወደ ስፓርታ ይሄዳል። ከአድማጮቻችን መካከል አባቱ ርቆ የሄደበት፥ ትልልቆች ሲበድሉ አይቶ ዝም ለማለት የተገደደ ልጅ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው? እንዲህ ያለው ልጅ ከጭራቁ ይልቅ ቴሌማኮስን ቶሎ ያውቀዋል። ነገር ግን ድርሰቱ ለልጆች ተብሎ ሲቈረጥ፥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ተቈርጦ የሚወድቀው ይኸው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ፖሊፌሞስ ዋሻ እንግባ፤ ጓደኞቻችን መጋረጃው ይዘጋበት ያሉት ቦታ ነውና። ይህ ክፍል ለአማርኛ ተርጓሚ ደስ የሚያሰኝ ችግር አለበት። በግሪክኛው ኦዲሴውስ ለግዙፉ ስሜ «ኡቲስ» ነው ይለዋል፤ «ማንም» እንደ ማለት ነው። ግዙፉ ዓይኑን ባጣ ጊዜ ሲጮኽ፥ ጎረቤቶቹ መጥተው ማን እንደነካው ይጠይቁታል፤ እርሱም ያንኑ ስም ይጠራል፤ እነርሱም ማንም ካልነካህማ ደዌ ነው ብለው ይመለሳሉ። ከመካከላችን አንዱ ይህን፥ «ስሜ ማንም ነው» ብሎ ተርጕሞት ነበር። ነገር ግን በአማርኛ «ማንም» አሉታ ይፈልጋል። ግዙፉ «ማንም ገደለኝ!» ብሎ ቢጮኽ «ያገኘኝ ሁሉ ገደለኝ» ያሰኛልና ጎረቤቶቹ ዱላቸውን ይዘው በሮጡ ነበር። ብዙ ከተሣሣቅን በኋላ የተገኘው መፍትሔ «ማንምየለም» የሚል ስም ነው። «ማነው የነካህ?» «ማንምየለም!» አለቀ። ደግሞም ማንደፍሮና ማንያዘዋል የሚባል ሰው በሞላበት አገር ማንምየለም የሚባል እንግዳ ቢመጣ የሚደነቅ የለም። ልጆቹ በዚህ እንደሚሥቁ አንጠራጠርም፤ ሊሥቁም ይገባል።

ሆኖም ከሣቁ በፊትና ከሣቁ በኋላ ያለውን እንመልከት። ኦዲሴውስ ወደ ዋሻው 12 ሰዎች ይዞ ሲገባ፥ ጓደኞቹ «አይቡን ይዘን እንሂድ» ብለው ለምነውት ነበር። እርሱ ግን የዋሻውን ባለቤት ላይ፥ የእንግድነት ስጦታም ልቀበል ብሎ እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት ስድስት ሰዎች ተበሉ። ካመለጠም በኋላ ዝም ብሎ እንደመሄድ፥ ጓደኞቹ እየከለከሉት እውነተኛ ስሙን፥ የአባቱን ስምና አገሩን ጠርቶ ፎከረ። ግዙፉም ያን ጊዜ የባሕር አምላክ ወደሆነው ወደ አባቱ ወደ ፖሰይዶን ጸለየ፦ ይህ ሰው አገሩ አይግባ፤ ከገባም ዘግይቶ፥ ጓደኞቹን ሁሉ አጥቶ፥ በሰው መርከብ ይግባ፤ በቤቱም መከራ ይቈየው ብሎ ረገመው። ከዚያ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። ከትሮያ 12 መርከቦች ይዞ ከተነሣ ሰው 11ዱ በላይስትሪጎኖች ወደብ ጠፉ፤ የመጨረሻይቱም በማዕበል ተሰባበረች፤ እርሱ ብቻውን በእንጨት ላይ ተንሳፎ ተረፈ።

መጋረጃው በማምለጡ ላይ ቢዘጋ ልጁ የሚያየው ብልኅነትን ነው፤ የፉከራውን ዋጋ ግን አያይም። ስሙን ደብቆ የዳነ ሰው ስሙን በማወጁ እንደተቀጣ፥ ቅጣቱንም ከእርሱ ይልቅ ተከታዮቹ እንደከፈሉት ሳይሰማ ይቀራል። የዚህ ታሪክ ቍም ነገሩ ይህ ሆኖ ሳለ፥ ይህን አስቀርቶ የቀረውን ማቅረብ ማሳጠር ሊባል አይችልም።

«ልጆቹ ይፈራሉ» ለሚሉት ጓደኞቻችን ይህ ክርክር አዲስ እንዳልሆነ ልናስታውሳቸው እንወዳለን (ከዚህ በታች ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው)። ቻርልስ ላም የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1808 የኦዲሴውስን ጉዞ ለወጣቶች አዘጋጅቶ ሲያቀርብ፥ አሳታሚው ዊልያም ጎድዊን በግዙፉ ዋሻ ውስጥ የሚደረገው ነገር እጅግ ያስጸይፋልና ይለዝብ ብሎ ጽፎለት ነበር። ላም ጥቂት ነገር ለወጠ፤ የቀረውን ግን አልነካም አለ። ያም መጽሐፍ የኦዲሴውስን የላቲን ስም ይዞ «የዩሊሲስ ገጠመኞች» ተብሎ ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጄምስ ጆይስ የሚባል የአየርላንድ ልጅ ተማሪ ቤት ሳለ አነበበውና ኦዲሴውስን ከጀግኖች ሁሉ አስበልጦ ወደደው። ሲያድግም በ1922 «ዩሊሲስ» የተሰኘውን ትልቅ ልብ ወለድ አሳተመ። ልጁ በላም መጽሐፍ ፈርቶ እንደሆነ አናውቅም፤ እንዳልረሳው ግን እርግጠኞች ነን። ደግሞስ እኛ ራሳችን በልጅነታችን ጅብና ጭራቅ ሰው ሲበሉ እየሰማን ያደግን አይደለንምን? ያስፈራን ነበር፤ ይሁን እንጂ ነገ ማታ ድገሙልን እንል ነበር።

ለልጅ መንገር ማለት ቀላል ነገር መንገር ነው የሚሉም የፌኔሎንን ታሪክ ቢያውቁ መልካም ነው። ፌኔሎን በ1689 የፈረንሳይ ንጉሥ የ14ኛው ሉዊ የልጅ ልጅ፥ የቡርጎኝ መስፍን አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ልጁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ፌኔሎንም ለእርሱ ማስተማሪያ ከኦዲሲ ተነሥቶ የቴሌማኮስን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ልዑሉ ቴሌማኮስ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ፥ የጦርነት ፍቅርና ከልክ ያለፈ ምቾት መንግሥትን እንደሚያፈርሱ፥ ንጉሥ ለሕዝቡ እንጂ ሕዝብ ለንጉሡ እንዳልተፈጠረ ይማራል። መጽሐፉ በ1699 ጸሐፊው ሳይፈቅድ ታትሞ ወጣ፤ ንጉሡም እኔን ይነቅፋል ብለው ተቈጡ። ፌኔሎን ቀድሞውንም ከቤተ መንግሥት ርቆ በሀገረ ስብከቱ እንዲቀመጥ ታዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት የአስተማሪነት ማዕርጉን ጨርሶ አጣ፤ ወደ ቤተ መንግሥትም አልተመለሰም። ለአንድ ሕፃን ተብሎ የተጻፈ ተረት በዘመኑ ታላቅ የነበረውን ንጉሥ አስቈጣ። ለልጆች የሚነገር ነገር ክብደት የለውም የሚል ካለ ይህን ያስብ።

እንግዲህ ከሁሉ ወደሚከብደው ቦታ ደርሰናል። ኦዲሴውስ ለማኝ መስሎ ቤቱ ከገባ በኋላ አግቢ ነን ባዮቹን ሁሉ ይገድላል። ከዚያም ከእነርሱ ጋር ወዳጅነት ይዘዋል የተባሉ 12 የቤቱ ሴቶች ሬሳውን እንዲያወጡ፥ አዳራሹንም እንዲያጥቡ ከተደረገ በኋላ ይሰቀላሉ። የሰቀላቸውም ያ የምንወደው ቴሌማኮስ ነው። ይህን ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጆች ምን ብለን እንነግራቸዋለን?

እኛ ገመዱን በመድረክ ላይ እናሳይ አንልም። ለዕድሜ የሚገባ ልክ አለው። ነገር ግን «ጠላቶቹን አሸንፎ ከሚስቱ ጋር በደስታ ኖረ» ብለን ብንጨርስ ዋሽተናል። ቢያንስ በዚያ ቤት ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው ሰው የሌለ ሴቶች እንደነበሩና ሳይጠየቁም እንደሞቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር መነገር አለበት። ስማቸውም በእውነት ይጠራ። ብዙዎቹ የቀድሞ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እነዚህን ሴቶች «አገልጋዮች» እያሉ ያልፏቸው ነበር። በ2017 ሙሉውን ኦዲሲ በእንግሊዝኛ ተርጕማ ያሳተመችው የመጀመሪያይቱ ሴት ኤሚሊ ዊልሰን ግን «ባሪያዎች» ብላ ጻፈች፤ ነበሩምና። በእኛም ቋንቋ «ገረድ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ይሁን እንጂ ባርነት በአገራችን በዐዋጅ የተሻረው በ1942፥ ማለት በእኛ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ከመንደራችን የራቀ አይደለም። ደግሞ ታማኙ የዐሣማ ጠባቂ ኤውማዮስ ራሱ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ፥ በሕፃንነቱ በነጋዴዎች ተሰርቆ ለኦዲሴውስ አባት የተሸጠ ነው። ይህን ታሪክ ራሱ በ15ኛው መጽሐፍ ይናገረዋል። የልጅ ታሪክ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

መሸንገል በሌላም በኩል ሊመጣ ይችላል። ግጥሙ ሲጀምር ፖሰይዶን ከአማልክት ጉባኤ የቀረው ወደ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዶ የበሬና የበግ መሥዋዕት እየተቀበለ ስለነበር ነው። ኦዲሴውስ ከካሊፕሶ ደሴት ለመውጣት የቻለውም የባሕሩ አምላክ በዚያ ግብዣ ላይ ሳለ ነው። ልጆቹ ይህን ስም ሲሰሙ ቀና እንደሚሉ እናውቃለን፤ ደስ ይበላቸው። ነገር ግን «ሆሜር ተራራችንንና ወንዛችንን ያውቅ ነበር» ብለን አንጨምርበት። ስሙ በግሪክኛ ፊታቸው በፀሐይ የጠቈረ ማለት ሲሆን፥ በግጥሙ ውስጥ የሚጠራው በምድር ዳርቻ፥ ግማሾቹ በፀሐይ መውጫ ግማሾቹ በፀሐይ መግቢያ ለሚኖሩ ሕዝቦች ነው። ያለውን ያኽል ብንነግራቸው ይበቃል። ሌላውን ስናሳጥር እውነተኞች ሆነን በራሳችን ላይ ሲደርስ ብናስረዝም ምን ይባላል?

«ጊዜ የለም» የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ዐሳባችንን በሥራ መልክ እናቀርባለን። በአንድ ቀን ፈንታ ሦስት ቀን ይደረግ። በመጀመሪያው ቀን ቴሌማኮስ፦ የተወረረው ቤት፥ ሸንጎው፥ የመርከቡ መነሣት። በሁለተኛው ቀን ኦዲሴውስ በንጉሥ አልኪኖስ አዳራሽ ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ በገዛ አፉ ይተርክ፤ ጭራቆቹ ሁሉ በዚህ ቀን ይምጡ። ግጥሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልጆቹም ተራኪው ራሱ ጀግናው መሆኑን፥ ይህም ሰው ኢታካ እንደደረሰ ለአቴና ሳይቀር የቀርጤስ ሰው ነኝ ብሎ የሚዋሽ ብልኅ መሆኑን ይወቁ፤ ምን ያኽል እንደሚያምኑት ራሳቸው ይፍረዱ። በሦስተኛው ቀን መመለሱ ይሁን፦ 20 ዓመት ጠብቆ ጌታውን ባየ ጊዜ የሞተው ውሻ አርጎስ፥ የእግሩን ጠባሳ ዳስሳ ያወቀችው ሞግዚት፥ ከቆመ የወይራ ግንድ በተሠራው አልጋ ባሏን የፈተነችው ፔኔሎፔ። መጨረሻውም አልጋው ላይ አይሁን፤ የሟቾቹ ዘመዶች ለበቀል መሣሪያ ይዘው ሲመጡ፥ አቴናም መካከላቸው ገብታ ስታስቆማቸው ይሁን፤ በ24ኛው መጽሐፍ እንዲሁ ነውና። እዚያ ላይ ቆመን፥ «እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታስታርቋቸው ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው።

በመጨረሻ፥ ይህ የእኛ ክርክር በራሱ በግጥሙ ውስጥ እንዳለ ለማስታወስ እንወዳለን። በመጀመሪያው መጽሐፍ ፌምዮስ የሚባል አዝማሪ ግሪኮች ከትሮያ ሲመለሱ ያገኛቸውን መከራ ይዘፍናል። ፔኔሎፔ ሰምታ እያለቀሰች ትወርድና፥ ይህን ተው፥ ሌላ የምታውቀውን ዘፈን ዝፈን ትለዋለች። አይሆንም፥ ይህኑ ይዝፈን ብሎ የሚከራከረው ወጣቱ ነው፤ ቴሌማኮስ። እናቱን የመለሰላት በስድ ቃል ነው፤ ይህንንም አንደብቅለትም፤ ልጆቹ ይታዘቡት። የፔኔሎፔም ዕንባ እውነተኛ ነው፤ ያስቀርልን ብላ የለመነችው ከደረሰባት ነገር የተነሣ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ የአባቱን ወሬ የሚሰማበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ስብሰባው በሚመጣው ሳምንት እንደገና ይደረጋል። ዐሳባችንን የሚቃወም ቢኖር መጥቶ ይቃወመን፤ በተለይም ልጆች ያስተማሩ መምህራኖቻችን ቢገኙልን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉና እጅግ ደስ ይለናል። ከእነርሱ ተምረን ይህን ብናሳጥር፥ ያንን ብናለዝብ አናፍርም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ አድገው ሙሉውን መጽሐፍ ባነበቡ ጊዜ «ያን ጊዜ ያልነገራችሁን ይህን ነበር እንዴ?» እንዳይሉን ነው።